የቶስካና ወይን፦ አገር በቀሉንና መጤውን ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

የእኛን ሪፍት ቫሊ የለመደ ሰው ጠርሙስ ሲያነሳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው የዝርያውን ስም ነው። መርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ እያለ በግልጽ ተጽፎለታል። የጣሊያኑ የቶስካና ክልል ጠርሙስ ግን በአብዛኛው የሚናገረው ወይኑ የበቀለበትን ቦታ ነው፤ ዝርያውን ገዢው ያውቃል ብሎ ያልፈዋል። የሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይነሳሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኪያንቲን ዝርያ ማድረግ

ኪያንቲ አገር ነው፤ በፍሎረንስና በሲየና መካከል የተዘረጋ ኮረብታማ አገር። ቶስካናን ይገዛ የነበረው የሜዲቺ ቤተሰብ መስፍን ኮሲሞ ሣልሳዊ በ1716 ወሰኑን በአዋጅ አስከልሎታል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዋና ዝርያ ሳንጆቬዜ ይባላል። ተራው ኪያንቲ ቢያንስ 70 በመቶ፣ የጥቁር አውራ ዶሮ ምልክት ያለበት ኪያንቲ ክላሲኮ ደግሞ ቢያንስ 80 በመቶ ሳንጆቬዜ መሆን አለበት። የቀረው ካናዮሎና ኮሎሪኖን ከመሳሰሉት አገር በቀሎች፣ ወይም ከመርሎና ከካቤርኔ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ኪያንቲ ጎን ለጎን ቀምሰው ፍጹም የተለያዩ ቢሆኑብዎ አንዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

አንዱን ወይን አራት ብሎ መቁጠር

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ሳንጆቬዜ በየመንደሩ ስም አለው። በሞንታልቺኖ ብሩኔሎ፣ በሞንቴፑልቻኖ ፕሩኞሎ ጄንቲሌ፣ በስካንሳኖ በኩል ሞሬሊኖ ይሉታል። የሞንታልቺኖ ሰዎች ራሳቸው ብሩኔሎን ለብቻው የቆመ ዝርያ አድርገው ያዩት ነበር፤ ብሩኔሎና ሳንጆቬዜ አንድ መሆናቸውን የሲየና አውራጃ የወይን ዝርያ ኮሚሽን ያረጋገጠው በ1879 ነው። «ሳንጆቬዜ አልወድም፣ ብሩኔሎ ግን ነፍሴ ነው» የሚል ሰው እንግዲህ የማይወደው ዝርያውን ሳይሆን የቀመሰውን ርካሽ ጠርሙስ ነው።

የሞንቴፑልቻኖ ነገር ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ሞንቴፑልቻኖ ቶስካና ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ «ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ» የሚባለው ወይኗ ቢያንስ 70 በመቶ ሳንጆቬዜ ነው። ሞንቴፑልቻኖ የሚባል የወይን ዝርያም አለ፤ እሱ ግን ዋና ቤቱ በአድሪያቲክ ባሕር በኩል ያለው አብሩዞ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩዞ» የሚል ካነበቡ የያዙት ሌላ ክልል፣ ሌላ ዝርያ ነው፤ ቀለሙ ጠቆር፣ ጣዕሙ ለስለስ ያለ፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ። መጥፎ ወይን አይደለም። ችግሩ በኖቢሌ ዋጋ የተሸጠልዎ ከሆነ ነው።

ጥቁረትን የጥራት ምስክር ማድረግ

ሳንጆቬዜ በተፈጥሮው ቀለሙ አይጠቁርም። ጥርት ያለ ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ጥንካሬው ያለው በኮምጣጣነቱና ድድን በሚያደርቀው ታኒኑ ላይ ነው። መርሎ ወይም ካቤርኔ ሲገባበት ይጠቁራል፤ በተለይ መርሎው ያለሰልሰዋል፣ የውጭ ገበያም ይህንን ይወዳል። በ2008 የተወሰኑ የብሩኔሎ አምራቾች መቶ በመቶ ሳንጆቬዜ መሆን ያለበትን ወይን ከሌላ ዝርያ ጋር ቀላቅለዋል ተብለው ተመረመሩ፤ አሜሪካ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ካልመጣ አላስገባም እስከማለት ደረሰች። በ2011 ደግሞ ለታናሽ ወንድሙ ለሮሶ ዲ ሞንታልቺኖ ሌላ ዝርያ ይፈቀድለት የሚል ሐሳብ ቀርቦ አምራቾቹ በድምፅ ብልጫ ጣሉት። ደግ አደረጉ እላለሁ። መርሎማ የትም አለ።

መጤው ትናንት የገባ ይመስል መናገር

አገር በቀልና መጤ የሚለው ክፍፍል ምቹ ነው፤ ታሪኩን ስንመለከት ግን ይላላል። ከፍሎረንስ በስተምዕራብ ባለችው ካርሚኛኖ ካቤርኔ በጣም የቆየ እንግዳ ነው፤ የአካባቢው ገበሬዎች «ኡቫ ፍራንቼስካ»፣ የፈረንሳዩ ወይን፣ ይሉታል። የካርሚኛኖ ደንብ ካቤርኔን የሚፈቅድ ብቻ አይደለም፤ ከሳንጆቬዜ ጋር እንዲገባ ያዛል። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር ነው የመጣው ተብሎ ከወጣችን እንደማይወጣ ሁሉ፣ ከካርሚኛኖም ካቤርኔን ማውጣት አይታሰብም።

ከባሕሩ ዳር ያለው ቦልጌሪ ግን ታሪኩ አጭር ነው። ማሪዮ ኢንቺሳ ዴላ ሮኬታ በ1944 ድንጋያማ መሬት ላይ ካቤርኔ ተከለ፤ ሳሲካያ የተባለው ወይን ለገበያ የወጣው ከ1968 ምርት ጀምሮ ነው። ሳንጆቬዜ ከፍ ያለ ኮረብታና ቀዝቃዛ ሌሊት ሲሻ፣ ካቤርኔ በዚህ ሞቃት ዳርቻ ተመቸው። ወደ ምሥራቅ፣ ኮርቶና አካባቢ፣ ሲራም እንዲሁ ቤቱን አግኝቷል።

በደረጃ ማኅተም ብቻ መግዛት

ሳሲካያ እስከ 1994 ድረስ የተሸጠው «የገበታ ወይን» ተብሎ ነው፤ ማለትም በዝቅተኛው ደረጃ። የአንቲኖሪ ቤተሰብ ቀይ ወይን ቲኛኔሎም ከ1971 ምርቱ ጀምሮ ኪያንቲ መባልን ትቶ ወጣ። ምክንያቱ የሚገርም ነው። በ1967 የወጣው የኪያንቲ ደንብ ቀዩ ወይን ውስጥ ከ10 እስከ 30 በመቶ ነጭ ዝርያ፣ ትሬቢያኖና ማልቫዚያ፣ እንዲገባ ያስገድድ ነበር። ደንቡ የተመሠረተው የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቤቲኖ ሪካሶሊ በ1872 በጻፉት ቀመር ላይ ነው ይባላል፤ ሰውየው ግን ማልቫዚያን የመከሩት ቶሎ ለሚጠጣ ወይን ነበር፣ ለሚቆየው ቢቀር ይሻላል ብለዋል። ሕግ አውጪዎቹ ግማሹን ብቻ አነበቡ። በኪያንቲ ክላሲኮ ነጭ ዝርያ ጨርሶ የተከለከለው ገና በ2006 ነው። ቲኛኔሎ ዛሬም በ1992 ሕግ በተፈጠረው አይ.ጂ.ቲ. ደረጃ፣ ማለትም ከገበታ ወይን ከፍ ባለ ግን ደንቡ ላላ ባለ ደረጃ፣ ነው የሚሸጠው፤ ዋጋው ግን ከእሱ በላይ ደረጃ ካላቸው ከብዙዎቹ ይበልጣል። አይ.ጂ.ቲ. የሚለው ማኅተም ታዲያ የአምስት ዩሮም የመቶ ዩሮም ጠርሙስ ላይ ይገኛል፤ የሚለየው የአምራቹ ስም ነው።

ነጩን መርሳት

ቶስካና የቀይ አገር ናት፣ ልክ ነው። ሆኖም በ1966 በጣሊያን መጀመሪያ የዲ.ኦ.ሲ. (የበቀለበት ቦታና አሠራሩ በደንብ የተወሰነ ወይን) ዕውቅና ያገኘው ወይን ነጩ የሳን ጂሚኛኖ ቨርናቻ ነው። በሰርዲኒያ ያለው የኦሪስታኖ ቨርናቻ ስሙን ብቻ ይጋራዋል። ከባሕር ዳሩ ደግሞ ቨርሜንቲኖ ይፈልጉ፤ ለዓሣ ጥሩ ነው።

ብሩኔሎን ቸኩሎ መክፈት

ብሩኔሎ ለሽያጭ የሚወጣው ወይኑ ከተለቀመ በኋላ በአምስተኛው ዓመት ጥር ላይ ነው፤ ያኔም ቢሆን ብዙውን ጊዜ አፍ ይይዛል። ለዛሬ ማታ ጥብስ ከሆነ የሚገዙት ሮሶ ዲ ሞንታልቺኖን ይውሰዱ። ዝርያው ያው ነው፣ ቦታው ያው ነው፣ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር ግን ሁለቱንም ባይሞክሩ ይሻላል፤ ታኒኑና አልኮሉ ከቃጠሎው ጋር ተደርበው ምላስ ያስጨንቃሉ።