ውክልና በማይበቃበት ጊዜ፦ በድሬዳዋና በሐረር የአእምሮ ሕመም ያለበትን ዘመድ ከውጭ ሆኖ ስለ መጠበቅ

ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ወጥተን በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ስለ አገር ቤት ጉዳይ ስናስብ ቀድሞ የሚታወሰን ውክልና ነው። ቤት ለማከራየት፣ ግብር ለመክፈል፣ ካርታ ለማሳደስ ውክልና እንሰጣለን፤ አንዳንዴም ከወላጆቻችን ውክልና እንቀበላለን። ነገር ግን አባት በእርጅና ምክንያት የሚያደርገውን መለየት ሲሳነው፣ ወይም እህት ለዓመታት በቆየ የአእምሮ ሕመም የተነሣ የቀረበላትን ወረቀት ሁሉ የምትፈርም ስትሆን፣ ውክልና ችግሩን አይፈታውም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚገባው በውክልናው በኩል ነው።

ምክንያቱ በሕጉ ውስጥ ተጽፏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2232 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል። ስለዚህ እናትዎ ከዐሥር ዓመት በፊት በጤናቸው ሳሉ የሰጡትን ውክልና ዛሬ፣ ልጆቻቸውን እንኳ መለየት ካቃታቸው በኋላ፣ ይዞ ቤት ለመሸጥ መሄድ አደገኛ ነገር ነው። አዲስ ውክልና ማስፈረምም መፍትሔ አይሆንም፤ ሰነድ አረጋጋጩ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ፈራሚው ችሎታ ያለውና በፈቃዱ የሚፈርም መሆኑን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። በእኛ ቤተሰብ አንድ ዘመዳችን፣ የታመሙትን አጎታችንን ደኅና የመሰሉበትን ቀን ጠብቆ ወስዶ አስፈርሟቸው ነበር። በክፋት አልነበረም፤ መድኃኒት መግዣ ለማግኘት ነበር። ነገር ግን በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የነበረው ቤት ከዋጋው በታች ተሸጠ፣ ወንድማማቾች ተጣሉ፣ አጎታችንም እስኪሞቱ ድረስ ቤታቸውን ሲጠይቁ ኖሩ። ይህንን የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ በዚያ መንገድ እንዳይሄድ ብዬ ነው።

ትክክለኛው መንገድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 339 ጀምሮ የደነገገው ነው። ሕጉ በአእምሮ ሕመም፣ በአእምሮ አለመዳበር ወይም በእርጅና ምክንያት የሥራውን ውጤት ሊረዳ ለማይችል ሰው ጥበቃ ያደርጋል፤ አንቀጽ 340 ደግሞ በዘላቂ የአካል ጉዳት የተነሣ ራሳቸውን ለመጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ለማስተዳደር የማይችሉ ሰዎች ይህንኑ ጥበቃ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። የሕጉ አማርኛ የዘመኑ ነውና «እብደት» የሚለውን ቃል ይጠቀማል። በሚያስጽፉት ማመልከቻ ላይ «የአእምሮ ሕመም» ቢባል ለዳኛው ያው ነው፤ ማመልከቻው ሲነበብ ለሚሰማው ዘመድዎ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ጥበቃው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ሕመሙ በግልጽ የታወቀ ሲሆን የሚሠራ ነው፤ በአንቀጽ 341 መሠረት አንድ ሰው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመሰል ተቋም ተኝቶ በሚቆይበት ጊዜ ሕመሙ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል፣ በዚያ ጊዜ የፈጸማቸውን ሕጋዊ ተግባራትም ራሱ፣ ወኪሎቹ ወይም ወራሾቹ ሊቃወሟቸው ይችላሉ። ነገር ግን በድሬዳዋም ሆነ በሐረር አብዛኛው ታማሚ የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ነው እንጂ በሆስፒታል አይደለም። ስለዚህ ለብዙዎቻችን የሚያስፈልገው ሁለተኛው፣ ማለትም በአንቀጽ 351 የተመለከተው የፍርድ ክልከላ ነው፤ ይኸውም ፍርድ ቤት የታማሚው ጤናና ጥቅም የሚያስገድድ መሆኑን ሲያረጋግጥ ሰውየው ንብረቱን በራሱ እንዳያስተዳድር ከልክሎ ኃላፊ የሚሾምበት ውሳኔ ነው።

ይህንን ለማመልከት የሚችሉት ታማሚው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመዶቹ እንዲሁም ዐቃቤ ሕግ ናቸው። እርስዎ በቶሮንቶም ይኑሩ በጅዳ፣ ዘመድ ነዎትና ማመልከት ይችላሉ። በአካል መምጣት ካልቻሉ ለወንድም ወይም ለጠበቃ የሚሰጡት ውክልና እዚህ ላይ ተገቢ ነው፤ የታመመው ሰው ሳይሆን እርስዎ የሚፈርሙት ነውና። ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አስደርገው መላክ፣ አገር ቤት ሲደርስም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማስረጋገጥ ነው። ክስ የማቅረብና የመከራከር ሥልጣን በግልጽ ይጻፍበት፤ አንቀጽ 2205 ለዚህ ልዩ ውክልና ይጠይቃልና፣ «ጉዳዮቼን ሁሉ» የሚል ጠቅላላ ቃል አይበቃም።

ማስረጃው ከሁሉ አስቀድሞ የሕክምና ነው። በድሬዳዋ ድል ጮራ፣ በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ስለሚሰጡ፣ የሐኪሞችን የጽሑፍ ማስረጃ ከዚያ መጀመር ይቻላል። የዝምድና ማረጋገጫና ታማሚውን በቅርብ የሚያውቁ ምስክሮች ይጨመሩበታል፤ የእድር ዳኛ ወይም የአፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) አባል ከሩቅ ዘመድ የተሻለ ምስክር ነው። ዳኛው በወረቀት ብቻ አይፈርድም፤ ታማሚው ችሎት መቅረብ ወይም በቤቱ መታየት አለበት። ይህንን እንደ እንግልት የሚያዩ ቤተሰቦች አሉ፤ እኔ ግን የሕጉ ዋና ጥበቃ ይህ ይመስለኛል፣ ጤነኛን ሰው «አብዷል» ብሎ ንብረቱን የሚወስድ ዘመድም አለና።

ማመልከቻው የሚቀርብበትን ችሎት አስቀድመው ሬጅስትራር ዘንድ ያስጠይቁ፤ በድሬዳዋ የፌዴራልም የከተማ አስተዳደሩም ፍርድ ቤቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፣ በሐረር ደግሞ የክልሉ ፍርድ ቤቶችና የክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አሉ። በሁለቱም ከተሞች የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚመርጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት እዚያ ለመዳኘት የተከራካሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋልና፣ ፈቃዱን ለመግለጽ የማይችል ሰው ጉዳይ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ቢሄድ ይሻላል እላለሁ። ብዙዎቻችን የምንመጣው በክረምት መሆኑም ይታሰብበት፤ ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው ለዕረፍት ይዘጋሉ። ለታኅሣሥ ቁልቢ የሚመጣ ሰው ችሎት ክፍት ሆኖ ያገኛል።

ክልከላው ሲወሰን ሁለት ኃላፊነቶች ይፈጠራሉ፤ አሳዳሪው ሰውየውን፣ ሞግዚቱ ንብረቱን ይጠብቃል። ሁለቱን አንድ ሰው ሊይዛቸው ቢችልም፣ እኔ ግን እንዲለያዩ እመክራለሁ፦ አብራ የምትኖረውና የምታስታምመው እህት አሳዳሪ ብትሆን፣ ሒሳብ የሚያውቅና የሚታመን ሌላ ዘመድ ሞግዚት ቢሆን፣ አንዱ ሌላውን ያያል። ሞግዚቱ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቤት ለመሸጥም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። እርስዎም የሚልኩትን ገንዘብ በባንክ ብቻ ይላኩ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። የተከለከለው ሰው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ጋብቻ መፈጸም አይችልም፤ ይህ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 15 የተጻፈ ሲሆን፣ የታመመች የቤት ባለቤትን ለንብረቷ ሲል የሚያገባ ሰው እንዳይኖር ትልቅ መከላከያ ነው።

ጉዳቱ ቀድሞ ደርሶ ከሆነስ? ክልከላ ባይኖርም መንገዱ አልተዘጋም። አንቀጽ 1710 የሌላውን ችግር፣ የአእምሮ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ልምድ ማጣት ተጠቅሞ የተደረገ ከመጠን በላይ ጎጂ ውል ፍትሕ ሲያስገድድ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ውል የማፍረስ ክስ ግን በአንቀጽ 1810 መሠረት ለማፍረስ ምክንያት የሆነው ነገር ከቀረ በኋላ፣ እንዲህ ላለው ከመጠን በላይ ጎጂ ውል ደግሞ ውሉ ከተደረገ በኋላ፣ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ አይሰማም። ስለዚህ ሽያጩን እንደሰሙ፣ ቤቱ ለሌላ ሳይተላለፍ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት እግድ ይጠየቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አለ፤ እምነት ማጉደል በአንቀጽ 675፣ ማታለል በአንቀጽ 692፣ የመረዳት አቅም በሌለው ሰው ላይ የሚፈጸም የወሲብ በደልም በአንቀጽ 623 ይቀጣሉ። የጠበቃ ክፍያ ለማይችል ቤተሰብ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ስለ ገንዘብ ብቻ እንዳወራ አይቆጠርብኝ። በጓሮ ክፍል ታስረው፣ እግራቸው በሰንሰለት ተይዞ የሚኖሩ ታማሚዎች አሉ፤ ከውጭ የሚላከው ብር ይደርሳል፣ ሰውየውን ግን ማንም አያየውም። አሳዳሪነት ለማሰር ፈቃድ አይሰጥም፤ ሰውን ከሕግ ውጭ መያዝ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 585 ያስቀጣል። ጸበልም ሆነ ቁርአን ማስቀራት ለቤተሰቡ መጽናኛ ነው፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። ሲደውሉ ታማሚውን ራሱን በቪዲዮ ያሳዩኝ ይበሉ፤ ፊቱን፣ እጁንና የሚተኛበትን ቦታ ይዩ።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 እነዚህ ሰዎች በሕግ ፊት እኩል እውቅና እንዳላቸው ይናገራል። ስለዚህ ክልከላ ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚጠየቅ ነገር ሊሆን ይገባል፤ ጊዜያዊ ሕመም ላለበት ሰው ሕክምናውን አስቀድሞ መጠበቅ ይሻላል። ክልከላው ከተወሰነ በኋላም ምክንያቱ ሲቀር ይነሣ ዘንድ ማመልከት ይቻላል። ስለዚህ የውሳኔውን ግልባጭና የሕክምና ማስረጃዎቹን ከእርስዎ ዘንድ አንድ ቅጂ ያስቀምጡ፤ ዘመድዎ ሲሻለው ይህንኑ ፋይል ይዞ ወደዚያው ችሎት የሚመለሰው እሱ ነው።