የኮምቦልቻ ፋብሪካ ጭስ ወሰን ሲሻገር፦ አቤቱታና ክስ አቀራረብ

በጭስ ጉዳይ አቤት የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰናከለው ወሰኑ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ የተነሳ ጭስ ቃሉ ወረዳ ላይ ቢያርፍ፣ ባቲ ወይም ከሚሴ ድረስ ቢዘልቅ እንኳ ከአማራ ክልል አልወጣም፤ ባቲና ከሚሴ ያሉበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም የዚሁ ክልል አካል ነው። አቤቱታው የሚገባው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። አፋር ክልል ያለ መንደር ከተጎዳ ግን ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጻፉ፤ ለሁለቱም ክልሎች ግልባጭ አድርጉ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ክልል ተሻጋሪ ተጽዕኖ ያለው ፕሮጀክት በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት እንዲመረመር፣ በየትኛውም ክልል ያለ ተጎጂ ማኅበረሰብም እንዲመከርበት ያዛል። የግምገማ ሰነዱን ጠይቁና ከወሰን ወዲያ ያለው ሕዝብ ተጠይቆ እንደነበር እዩ።

አቤት ለማለት የራስ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ለማንም ሰው ፈቅዷል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። መስከረም 10 ያስገባ ሰው መልስ ካጣ 30 ቀኑ ጥቅምት 10 ይሞላል፣ 60 ቀኑ ታኅሣሥ 10 ያበቃል። ጳጉሜን መሀል ከገባች ቀኖቿን አብራችሁ ቁጠሩ። ይህ ሁሉ የሚቆመው ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲገባ በሚሰጠው የገቢ ቁጥርና ቀን ላይ ነው። መዝገብ ቤቱ በእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ካላደረገ ደብዳቤውን ትታችሁ አትውጡ።

ከባዱ ሥራ ጭሱን ከጭስ ማውጫው ጋር ማያያዝ ነው። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከተራራው ወደ ሸለቆው ስለሚወርድ ጭሱ መሬት ላይ ይተኛል፤ ረፋድ ፀሐይ ስትበረታ ይበተናል። ከረፋዱ 4 ሰዓት የመጣ ተቆጣጣሪ ጥርት ያለ ሰማይ አይቶ ቢመለስ አይገርምም። ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲገባ ስለሚፈቅድለት ጭሱ የሚከብድበትን ሰዓት ጠቅሳችሁ በዚያው ሰዓት እንዲለካ በጽሑፍ ጠይቁ። ያለ ልኬት ፋብሪካው የተፈቀደውን የልቀት ደረጃ መተላለፉን ማሳየት ይቸግራል።

እናንተም በየቀኑ መዝግቡ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ጭሱ የቆየበት ጊዜ፣ ነፋሱ የመጣበት አቅጣጫ። ነፋስ የሚጠራው በመነሻው ነው። ከምዕራብ ወደ ባቲ የሚነፍሰውን “የምሥራቅ ነፋስ” ብላችሁ ከጻፋችሁ ከኮምቦልቻ ሜትሮሎጂ ጣቢያ መረጃ ጋር ይጋጫል፣ ተከራካሪው ጠበቃም ይህን አያልፈውም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ማስታወሻው “ጠዋት 1 ሰዓት” እያለ የስልኩ ፎቶ 7:00 ካለ ልዩነቱን እዚያው አስረዱ። ፎቶውን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ አንሱ። ጥቀርሻ ለማሳየት ንጹሕ የመስኮት መስታወት ጭሱ በሚያርፍበትም በማያርፍበትም ቦታ ለእኩል ቀን አስቀምጡ፤ ማነጻጸሪያ የሌለው መስታወት የመንገድ አቧራ ነው ይባላል። የጤና ጣቢያ ካርድና የግብርና ባለሙያ የሰብል ጉዳት ግምት ጨምሩ።

ተከሳሽ ስትመርጡ ተጠንቀቁ። በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን የከሰሰ ማኅበር ክሱ ውድቅ የሆነበት በካዩን ስላልከሰሰ ነው። ክሱ በፋብሪካው ላይ ይሁን። ካሳም ከፈለጋችሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስና ጥቀርሻ ይከለክላል፤ የካሳ ክስ ግን ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። የአፋር ነዋሪ ኮምቦልቻ ያለን ፋብሪካ ሲከስ ጉዳዩ የፌዴራል ነው። ደሴ ያለው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ጉዳይ በውክልና ያያልና ይህን በክሱ ላይ ግለጹ።

የዳኝነት ጥያቄው “ብክለቱ ይቁም” ብቻ ከሆነ ለማስፈጸም ያስቸግራል። ጭሱ ወሰን በተሻገረው በካናዳው የትሬይል የማዕድን ማቅለጫና በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ገበሬዎች ጉዳይ እ.ኤ.አ. የ1941ዱ የግልግል ጉባኤ ጉዳቱ በማያሻማ ማስረጃ እንዲረጋገጥ ጠየቀ፤ ልቀቱንም በነፋስና በአየር ሁኔታ ልክ የሚገድብ ሥርዓት አዘዘ። እናንተም ምን ዓይነት ማጣሪያ እንዲተከል፣ በየትኛው ሰዓት ምን ያህል እንዳይለቀቅ፣ ማን እየለካ ለማን እንዲያሳውቅ ዘርዝራችሁ ጠይቁ፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ጊዜያዊ እግድ አመልክቱ።