ያረጀ ሞተር ዘይት ሲያፈስ፦ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ጎማ) ከመቀየራችሁ በፊት መተንፈሻውን እዩ

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታ ብዙ ጊዜ ምንጩ አይደለም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዲናሞውንና የኤሌክትሪክ ማገናኛዎቹን በላስቲክ ሸፍናችሁ እጠቡት፣ ጥቂት ንዱት፣ ከዚያ ባትሪ አብርታችሁ ከላይ ወደ ታች ፈልጉ። ከሁሉም ከፍ ብሎ የረጠበው ቦታ ነው ጥፋተኛው።

ምልክት፦ የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ ስትቆሙ ከኮፈኑ ስር ጭስ፣ ሞተርና ካምቢዮ በሚጋጠሙበት ላይ ጠብታ

ከሁሉ አብዝቼ የማየው ይህን ነው። መነሻው የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የላይ ክዳን ጓርኒሲዮን ነው። ጎማው ሙቀት ሲበላው ይደርቃል፤ ስታጥፉት ተሰብሮ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ዘይቱ የጭስ መውጫው ላይ ሲወድቅ ይሸታል፣ ይጨሳል፤ ሲበዛ እሳት ያስነሳል፤ ይህን አታሳድሩት። በኋላ ጠርዝ በኩል ከወረደ ደግሞ የኋላ ፓራኦሊዮ (ሞተሩ ከካምቢዮ በሚገናኝበት ያለው የዘይት ማገጃ ቀለበት) ያፈሰሰ ይመስላል።

አንድ ሰው ካምቢዮው ሁለት ጊዜ ወርዶ፣ ፓራኦሊዮው ሁለት ጊዜ ተቀይሮለት፣ ዘይቱ ግን አልቆም ብሎት መጣ። ያወረዱት ሰዎች ክዳኑን ቀና ብለው አላዩትም። የኋላ ጠርዙ ርሷል። ሞተሩን አስነስቼ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቼ ቀዳዳው ላይ ባስቀምጠው እየዘለለ ወደቀ። የመተንፈሻው ቫልቭ፣ ሞተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ የሚወጣበት፣ በጥቁር ጭቃ ተደፍኗል።

በፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን በከበበው ቀለበት) በኩል የሚሾልከው ጋዝ መውጫ ካጣ፣ በደከመው ጓርኒሲዮን በኩል ዘይቱን እየገፋ ይወጣል። አዲስ ብታስገቡም ያንኑ ያደርጋል። ቫልቩን ነቅላችሁ ነቅንቁት፤ ብዙዎቹ ጤነኛ ሲሆኑ ቅጭልጭል ይላሉ። ካላለ ቀይሩት፣ ቱቦውንም አጽዱ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚነፍስ ከሆነ ፋሻው አልቋል።

ከዚያ ነው ጓርኒሲዮኑ የሚቀየረው። ርካሹን አትግዙ፤ ቶሎ ይደርቃል። የካንዴላ ጉድጓድ ጎማዎቹንም አብራችሁ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ዘይት ካንዴላውን ያጠልቅና ሞተሩ ይንተፋተፋል። ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር እሰሩ። በብዙ ሞተሮች ልኩ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ነው፤ የእናንተን ከመመሪያው አረጋግጡ። «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል እጅ ነው ክዳን የሚያጣምመው፣ የአሉሚኒየሙን ጥርስ የሚበላው።

ሲሊኮን ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ፣ ጠብታ ያህል። ዙሪያውን መለቅለቅ ክልክል ነው! ትርፉ ተቆርጦ ኮፓ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። በዚህ ምክንያት የነከሰ (ደርቆ አልዞር ያለ) ሞተር ፈትቻለሁ፤ በጓርኒሲዮን ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነበር።

ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ ዘይት ከጎረፈ ብዙ ጊዜ አሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነው፤ ወዲያው አጥፉት። ከኮፓው ቡሎን ከሆነ ቀለበቱን ቀይሩ። የዘይት ግፊት ሴንሰር ሶኬቱ ውስጥ ዘይት ካለ ሴንሰሩ ተበላሽቷል።

የኋላ ፓራኦሊዮ የሚጠረጠረው ከላይ ያለው ሁሉ ደርቆ ከታች ብቻ ሲረጥብ ነው። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑን እዩ፣ ፓራኦሊዮው የሚያርፍበትንም የኮሎ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ገጽ በጥፍር ዳብሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱም እዚያው ጭረት ላይ ካረፈ ያፈስሳል።