ከትንሽ የአትክልት መሬት ሳይቋረጥ ገቢ ለማግኘት

ያለ ኬሚካል ያደገ ጎመን ደላላ እጅ ከገባ ዋጋው ከሌላው ጎመን ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ዘር ከመግዛትዎ በፊት ገዢ ይፈልጉ፤ ለመነሻ የሰፈር ቤተሰቦችና አንድ ሁለት ምግብ ቤቶች ይበቃሉ።

መደቡን አንድ ሜትር ያህል ስፋት ሰጥተው ያውጡ። ፍግ በጥሬው አይጨምሩ፤ ችግኝ ያቃጥላል፣ ሳይበስል ለሚበላ ሰላጣም የበሽታ ምንጭ ነው። ከገለባና ከእርጥብ ቅጠል ጋር እየደራረቡ ከምረው ያብላሉት። መሃሉ ላይ የሰኩትን እንጨት ነቅለው ሲዳስሱት የሚሞቅና የሚረጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ከደረቀ ውሃ፣ ከቀዘቀዘ ማገላበጥ ይፈልጋል። ለዚህ ቴርሞሜትር መግዛት ብር ማባከን ነው።

ገበሬውን የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው። ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን የዘራ ሰው ለጥቂት ሳምንታት የሚሸጥበት ያጣል፤ ከዚያ የሚሸጠው ያጣል። ሰላጣና ቀይ ሥር በየሁለት ሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ይዘሩ። ጎመንና ቆስጣ የታች ቅጠላቸው እየተቀነጠሰ ለወራት ስለሚሰጡ ይህን ያህል አያስጨንቁም።

ጾሙን ደግሞ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ዐቢይ ጾም እንደ ዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፤ 55 ቀንም ይቆያል። ካሮት ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈልግ፣ ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ኅዳር ሲብት መዘራት አለበት። ደጋ ላይ ያ ወቅት የውርጭ ነው፤ ካሮትና ጎመን ይችሉታል፣ ቲማቲምና ቃሪያ ግን በአንድ ሌሊት ይጠቁራሉ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ያኔ መደቡ ሁሉ በጎመን ከተሞላ ለከብት መቁረጥ ይመጣል፤ ግማሹን ባቄላ ወይም አተር ዘርተውበት አፈሩ ይታደስ።

ክሽክሽ የሚባለው የቅጠል ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ተባይ የሚያርፈው ከቅጠሉ ሥር ነው። በጣም የተጠቃውን ቅጠል ቆርጠው ያስወግዱ፤ የቀረውን ከታች ወደ ላይ ቀጠን ባለ የሳሙና ውሃ ይርጩ።

ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት ውጭ ቅጠሉን ማክሰኞና ሐሙስ ማለዳ ቀንጥሰው፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው፣ ፀሐይ ሳይበረታ ለደንበኛ ያድርሱ፤ በማግስቱ ጾም ነውና የቤት እመቤቶች ቀድመው ይጠብቁዎታል።