ላፕቶፑን ከመሸጣችሁ በፊት ሚንትን ከፍላሽ ሞክሩ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ላፕቶፓችሁ ዊንዶውስ 11ን አልቀበልም ካለ በርካሽ ለመሸጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሰራውን ነፃ ስርዓተ ክወና፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ከፍላሽ ላይ አስነስታችሁ እዩት።

8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ቬንቶይ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑበት (ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድማችሁ ገልብጡት)። ከዚያ የሚንትን አይኤስኦ ፋይል (ሙሉ ሲስተሙን የያዘውን አንድ ፋይል) ፍላሹ ላይ እንደ ፊልም ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ12 ወይም ኤፍ9 ተጫኑ፣ እንደ ላፕቶፑ ይለያያል፣ ፍላሹንም ምረጡ። ኢንስቶል የሚለውን እስካልነካችሁ ድረስ ዊንዶውሳችሁ እንዳለ ነው። ዋይፋዩን በደንብ ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ክዳኑን ዘግታችሁም ክፈቱት፣ ካልነቃ አሁኑኑ ብታውቁት ይሻላል። ከፍላሽ ስለሚሰራ ትንሽ ቢንቀራፈፍ አይግረማችሁ።

ጌመሮች፦ ስቲም (የጌም መሸጫው) ላይ ያለው ፕሮቶን የሚባል ሶፍትዌር እጅግ ብዙ የዊንዶውስ ጌሞችን ያጫውታል፤ ለእኔ የሊኑክስ ትልቁ ድል ይሄ ነው። ፎርትናይትና ቫሎራንት ግን በጸረ ማጭበርበር ሶፍትዌራቸው የተነሳ አይሰሩም። ያለ እነሱ አይሆንልኝም የምትሉ ዊንዶውሱን አታጥፉት፣ ሚንትን ከጎኑ ጫኑት።