ሞኒተሩ አዲስ ኮምፒውተሩ አሮጌ ሆኖ ሪዞሉሽኑ አልስተካከል ሲል ምን ይደረጋል

24 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተር ተገዝቶ ቤት ካለው አሮጌ ዴስክቶፕ ጋር ሲሰካ ፊደሉ ገዝፎ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ይመጣል፣ ሴቲንግ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሪዞሉሽን (ስክሪኑ ላይ ወደ ጎንና ወደ ታች ያሉት ነጥቦች ብዛት) ምርጫው ከ1024 በ768 በላይ የለም። ከዛ የሚሰጠው ምክር ሁሌ አንድ ነው፣ ግራፊክስ ካርድ ግዛ። እባካችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን በቅደም ተከተል ሞክሩ፣ ምክንያቱም ፉል ኤችዲ፣ ማለትም 1920 በ1080፣ ማውጣት የ2011 ኮምፒውተርንም አያቅተውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የድራይቨር (ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ወይ የኬብል ነው።

ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790ን እንያዝ። 2ኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ ግራፊክሱ እዛው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኢንቴል ኤችዲ 2000፣ ከኋላው ሁለት የሞኒተር መሰኪያ (ፖርት) አለው፣ አንድ ቪጂኤ፣ የድሮው ባለ 15 ፒኑ፣ እና አንድ ዲስፕሌይፖርት፣ አዲሱ ዲጂታሉ።

መጀመሪያ ድራይቨሩን እዩ። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ (ዊንዶውስ 7 ላይ ስታርት ውስጥ ስሙን ጽፋችሁ) ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱና ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርጉት። እዛ ጋ የኢንቴል ስም መምጣት ሲገባው "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" የሚል ከሆነ፣ ዊንዶውስ 7 ከሆነ ደግሞ "ስታንዳርድ ቪጂኤ ግራፊክስ አዳፕተር" ካለ፣ ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ነው፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን በጣም የሚያጋጥም ነገር ነው። ኢንተርኔት አገናኙትና ዊንዶውስ አፕዴትን አስኪዱት፣ ወይ ዴል ሳይት ላይ ገብታችሁ ካሴው (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ላይ የተለጠፈውን ሰርቪስ ታግ የሚባል መለያ ኮድ አስገብታችሁ የቪዲዮ ድራይቨሩን አውርዱ። ለኤችዲ 2000 ኢንቴል ለዊንዶውስ 10 ብሎ ያወጣው ድራይቨር የለም፣ አፕዴቱ የሚያመጣላችሁ የቆየውን ነው፣ ለሪዞሉሽን ግን እሱ ይበቃል። ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ እንጭናለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አትንኩ፣ ያልጠየቃችሁትን ማስታወቂያ ይዘው ነው የሚገቡት። ሪስታርት ካደረጋችሁ በኋላ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ "ሪኮመንድድ" የሚለውን ምረጡ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይገላገላል።

ድራይቨሩ ደህና ሆኖ ሪዞሉሽኑ አሁንም ካልመጣ ወደ ኬብሉ ሂዱ። እያንዳንዱ ሞኒተር ኢዲአይዲ የሚባል መረጃ ውስጡ አለ፣ እንደ መታወቂያ ማለት ነው፣ ስሜ ይሄ ነው፣ የምችለው ሪዞሉሽን ይሄ ነው ብሎ ለኮምፒውተሩ የሚናገርበት። ይሄ መረጃ የሚሄደው በኬብሉ ነው፣ ቪጂኤ ላይ ከ15ቱ ፒኖች በ12ኛው እና በ15ኛው። ስለዚ ምስሉ ጥርት ብሎ እየመጣ መታወቂያው ብቻ ሊቀር ይችላል፣ ያኔ ዊንዶውስ ምን ሞኒተር እንደተሰካ ስለማያውቅ ዝቅተኛውን ይሰጣችኋል። ማረጋገጫው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ሞኒተርስ የሚለው ስር ነው፣ "ጀነሪክ ኖን ፒኤንፒ ሞኒተር" ካለ መታወቂያው አልደረሰም። ኬብሉን ንቀሉና ጫፉን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ፣ 12 እና 15 ያሉት በጠባቡ በኩል ባለው ረድፍ ነው፣ የተጣመመ ወይ ወደ ውስጥ የገባ ፒን ካለ በቀስታ በወረንጦ አቅኑት። መሀለኛው ረድፍ ላይ አንድ ፒን ከመጀመሪያውም ላይኖር ይችላል፣ 9ኛው ነው፣ ብዙ ኬብል ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ስለሆነ አትደንግጡ። ርካሽ ኬብል ላይ ደግሞ ፒኑ ኖሮ ውስጡ ሽቦ የሌለውም አለ፣ እሱ በዓይን አይታይም፣ ከጎረቤትም ቢሆን ሌላ ኬብል ተውሳችሁ ሞክሩ።

ሪዞሉሽኑ ልክ ሆኖ ፊደሉ ብቻ ብዥ ካለ ብዙ ጊዜ ቪጂኤ ነው ምክንያቱ። ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ኦቶ አጀስት የሚለውን ንኩት፣ ካልጠራ በዲስፕሌይፖርት ሰኩት።

ሞኒተራችሁ 2560 በ1440 ከሆነ ግን ፖርት መምረጥ ግዴታ ነው። ኤችዲ 2000 በዲስፕሌይፖርት እስከ 2560 በ1600 ያወጣል፣ በኤችዲኤምአይ ግን ከ1920 በ1200 አያልፍም። እና አንድ ሰው ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ በሚቀይር ተራ ኬብል ሰክቶ ግራፊክሱ አልቻለም ይላል፣ ግራፊክሱ ይችል ነበር፣ የያዘው ኬብሉ ነው። ሁለቱም ጫፉ ዲስፕሌይፖርት የሆነ ኬብል ተጠቀሙ። 4ኬ (3840 በ2160) ከዚህ ግራፊክስ አትጠብቁ።

ስክሪኑ ጠቁሮ "አውት ኦፍ ሬንጅ" ወይ "ኢንፑት ኖት ሰፖርትድ" ካለ ሞኒተሩ የማይችለው ሪዞሉሽን ወይ ሪፍሬሽ ሬት (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ፣ በኸርዝ የሚለካው) ተልኮለታል። አሁን የቀየራችሁት ከሆነ ምንም ሳትነኩ 15 ሰከንድ ጠብቁ፣ ዊንዶውስ ራሱ ይመልሰዋል። ካልተመለሰ አጥፍታችሁ አብሩት፣ የዴል ሎጎ ታይቶ ዊንዶውስ ላይ ሲደርስ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ሴቲንግ ነው፣ ሌላ ሞኒተር በሁለተኛው ፖርት ጎን ለጎን ሰክታችሁ የመጀመሪያውን ወደ 60 ኸርዝ አውርዱት። ዊንዶውስ 7 ላይ ሲነሳ ኤፍ8 ተጭናችሁ በዝቅተኛ ሪዞሉሽን ማስነሳት ይቻላል። ሎጎውም ካልታየ ግን ሴቲንግ ላይ ጊዜ አትፍጁ፣ ኬብሉን፣ ፖርቱን፣ ራሙንም ጭምር ነቅላችሁ ሰክታችሁ እዩ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ የምትፈልጉት 4ኬ ከሆነ አሁን ካርድ ግዙ። የኤንቪዲያው ካርድ ጂቲ 710 በኤችዲኤምአይ 4ኬ የሚያወጣው በ30 ኸርዝ ነው፣ ማውሱ ሲንቀሳቀስ ይታወቃችኋል፣ ጂቲ 1030 ግን 60 ኸርዝ ይሰጣል፣ የሚበላውም 30 ዋት ስለሆነ ተጨማሪ የፓወር ገመድ አይፈልግም። ከመክፈላችሁ በፊት ካሴውን ክፈቱና ለኩ፣ ቀጭኑ ኦፕቲፕሌክስ ውስጥ የሚገባው ሎው ፕሮፋይል የሚባለው ቁመቱ አጭር ካርድ ብቻ ነው፣ ካርዱን ከካሴው ጋር የሚያስረው አጭሩ ብራኬትም አብሮት እንዳለ እዩ፣ ያለሱ ካርዱ አይታሰርም። ከገጠማችሁ በኋላ የሞኒተሩን ኬብል ከድሮው ፖርት ነቅላችሁ ካርዱ ላይ ሰኩት፣ ካርድ ሲገባ የቦርዱ ፖርት ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል፣ ከዛ የካርዱን ድራይቨር ጫኑ።