ኮፒ ማሽኑ ዋናውን ሰነድ ነክሶ ሲይዝ

ከታችኛው መሳቢያ የሚነሳ ባዶ ወረቀት ቢጨማደድም ሆነ ቢቀደድ ኪሳራው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው። ከላይ ባለው፣ ሰነዱን ተራ በተራ ስቦ በሚያስገባው ፊደር ውስጥ የሚያዘው ግን የባለጉዳዩ ዋና ሰነድ ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የትምህርት ማስረጃ። በደሴና በኮምቦልቻ ቢሮዎች እየዞርኩ ስጠግን የማየው አብዛኛው ጉዳት ከማሽኑ ሳይሆን ከጥድፊያ የሚመጣ ነው። ሰልፉ ረዝሟል፣ አለቃው ይጣራል፣ ማሽኑም ይጮኻል፤ ያን ጊዜ አንዱ ጫፉን ይዞ ይስበዋል። ማኅተሙ ውስጥ ይቀራል፣ ፊርማው እጁ ላይ ይወጣል።

እንግዲህ ማሽኑ ሲቆም እርስዎም ይቁሙ። የፊደሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ማንሻው በአብዛኞቹ ማሽኖች በግራ በኩል ነው። ክዳኑ ሲነሳ ላይኛው ጎማ አብሮ ስለሚነሳ ወረቀቱ ይላላል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማዞሪያ ካለ እሱን እያዞሩ ወረቀቱን ያስወጡ። ከሌለ በሁለት እጅዎ ግራና ቀኙን ይዘው፣ እኩል፣ በዝግታ፣ ወረቀቱ ይሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ ይሳቡት። ወደ ኋላ መሳብ የሚፈቀደው ገና አፉ ላይ ከሆነ ብቻ ነው። እዚያ ካላገኙት ፊደሩን በሙሉ ከመስተዋቱ ላይ ያንሱት፤ ብዙ ማሽኖች ከሥር ሌላ ትንሽ ክዳን አላቸው፣ ሰዎችም እሱን ይረሱታል። እጄን ያቃጥለኛል ብለው አይስጉ፤ የሚግለው ቀለሙን በወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው የታችኛው ክፍል ነው።

ወረቀቱ ከተቀደደ ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ገጣጥመው አራቱንም ማዕዘን ይዩ። የጎደለው ቁራጭ ውስጥ ነው። በስልክዎ መብራት ይፈልጉት፤ ቢላዋና መቀስ አያስገቡ። ማሽኑ ባዶ ሆኖ ሳለ «ወረቀት ተይዟል» ማለቱን ካላቆመ በወረቀቱ መንገድ ላይ ያለችውን ጥቁር የፕላስቲክ ምላስ ይመልከቱ። ወረቀት ሲያልፍ ትነሳለች፣ ሲያበቃ ትመለሳለች። በጣትዎ ነካ ሲያደርጓት በራሷ ካልተመለሰች የጥፍር ያህል ቁራጭ ይዟታል ማለት ነው።

በሥራ መካከል መብራት ከጠፋ ሰነዱን እስኪመጣ ድረስ ውስጥ አይተዉት። ክዳኑን ከፍተው ያውጡትና የወጡትን ገጾች ይቁጠሩ፤ መብራት ሲመለስ ማሽኑ የት እንደደረሰ አያስታውስም።

ምክንያቱን ለማወቅ ወረቀቱ የቆመበትን ቦታ ይዩ። አፉ ላይ ጎማው እየተሽከረከረ ወረቀቱ ካልገባ ጎማው በወረቀት ብናኝ ተሸፍኗል። ሁለት ሦስት ቅጠል አብሮ ከገባ ደግሞ ሁለተኛውን ቅጠል ወደ ኋላ የሚይዘው መለያ ጎማ አልቋል ወይም ወረቀቱ እርጥበት ይዟል። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጭጋግ በመስኮት ሲገባ መደርደሪያ ላይ ያደረ ዶሴ ትኩስ እንጀራ በላይ በላዩ ሲደራረብ እንደሚጣበቀው ይጣበቃል። ቅጠሎቹን በአየር ያራግቧቸው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ደግሞ ችግሩ ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው።

ጎማውን ለማጽዳት ብናኝ የማይተው ጨርቅ በውኃ ነካ አድርገው፣ በደንብ ጨምቀው፣ ጎማውን በጣትዎ እያዞሩ ጥቁሩ እስኪለቅ ይጥረጉ። ሲደርቅ ይዝጉት። ቤንዚንና ቀለም ማቅጠኛ ጎማውን ያበላሻሉ፤ «ቶሎ ያጸዳል» የሚልዎትን አይስሙ። ተጠርጎም የሚያብረቀርቅና የሚያንሸራትት ከሆነ ዕድሜው አብቅቷል። ሲለውጡ መለያ ጎማውንም አብረው ይለውጡ።

እዚያው እያሉ ከትልቁ መስተዋት አጠገብ ያለችውን ቀጭን መስተዋት ይጥረጉ። በፊደር ሲነሳ ብቻ ኮፒው ላይ ረጅም ጥቁር መስመር የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ የደረቀ የፍሉድ (የጽሑፍ ማጥፊያ) ነጠብጣብ ነው።

ከማስገባትዎ በፊት የስቴፕለር ሽቦውን ያውጡ፤ በዓይን ብቻ አይመኑ፣ ማዕዘኑን በጣት ይዳስሱ። አንድ የተረሳ ሽቦ መስተዋቱን ይጭራል፣ ጭረቱም አይጠረግም። ከመዝገብ ቤት የመጣ፣ ቀዳዳው የተቀደደ ወረቀት ከሆነ ቀዳዳው ያለበትን ወገን ወደ ኋላ አዙረው ያስገቡት፤ የተቀደደው ጫፍ ቀድሞ ከገባ መታጠፉ አይቀርም። የጎን መያዣዎቹ ወረቀቱን ይንኩት እንጂ አይጭመቁት። ከተሰመረው ምልክት በላይም አይከምሩ።

ፎቶግራፍ የተለጠፈበት፣ ፕላስቲክ የተለበጠ፣ በፕላስተር የተጠገነ፣ በኪስ ውስጥ አራት ታጥፎ የከረመ፣ ወይም ስስ የካርቦን ደረሰኝ ከሆነ ከነጭራሹ ፊደር ውስጥ አይግባ። ክዳኑን አንስተው መስተዋቱ ላይ ያስተኙት፤ አንድ በአንድ ማንሳቱ ቢያሰለችም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በተመሳሳይ ቦታ ደጋግሞ ከያዘ ቴክኒሻን ይጥሩ። ሲደውሉ ግን «ማሽኑ ተበላሸ» ብቻ አይበሉ፤ ወረቀቱ የት ላይ እንደቆመና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር ይንገሩን። ከኮምቦልቻ ከሆነ የሚደወለው፣ የሚያስፈልገውን ጎማ ይዤ ልውረድ።